አንቲቦዲው በራስ አንጎል ላይ ሲነሳ፦ አንዱን በሽታ የሚያስታግስ መድኃኒት ሌላውን ለምን ያባብሳል?

ከኮቪድ ወዲህ «አንቲቦዲ» ታክሲ ውስጥ ሳይቀር የሚነሳ ቃል ሆኗል። ያኔ «አንቲቦዲ አለህ» ሲባል ይዞህ ለቆሃል፣ ወይም ክትባቱ ሠርቶልሃል፣ አይዞህ ማለት ነበር። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኤምአርአይ ፊልም በትልቅ ፖስታ ታቅፈው ከሚወጡት መካከል ግን ይኸው ቃል ክፉ ዜና ይዞ የሚመጣባቸው አሉ። ወረቀቱ ላይ «አኳፖሪን 4 አንቲቦዲ፦ ፖዘቲቭ» የሚል አንድ መስመር ይሰፍራል። አስታማሚ እህት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዶክተር፣ ፖዘቲቭ ሲባል ያው... እሱ ነው እንዴ?» ብትል አይፈረድባትም። አይደለም። ኤችአይቪ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አንቲቦዲው የተነሳው በጀርም ላይ ሳይሆን በታማሚዋ በራሷ አንጎልና ህብለ ሰረሰር ላይ ነው።

ይህ ማብራሪያ ስለዚያ አንቲቦዲ፣ ከሱም ይልቅ ስለሚያመርቱት ሴሎች ነው። የነርቭ ሐኪሞችን ለረጅም ጊዜ ያከራከረው ጥያቄ አጭር ነው፦ ጉዳቱን የሚያደርሰው አንቲቦዲው ነው ወይስ የሴሎቹ ሌላ ሥራ? መልሱ ከበሽታ በሽታ ይለያያል። ለዚህ ነው ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ታማሚዎች አንድ ዓይነት መድኃኒት ቢሰጣቸው አንዱ ሊሻለው፣ ሌላው ሊብስበት የሚችለው።

አንቲቦዲን የሚያመርተው ማን ነው?

አንቲቦዲ፣ በመጽሐፉ አማርኛ ፀረ እንግዳ አካል፣ ፕሮቲን ነው። ሁለት ክንዶች አሉት፤ የክንዶቹ ጫፍ ከአንድ የተወሰነ ነገር ጋር ብቻ ይገጥማል። የኩፍኝ ቫይረስን የሚይዘው የቢጫ ወባን አይዝም። ብዙውን ጊዜ እሱ ራሱ ገዳይ አይደለም፤ ይለጠፋል፣ ያግዳል፣ ገዳዮችን ይጠራል።

የሚመረተው ቢ ሴል ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ነው። ቢ ሴል የሚፈጠረው መቅኔ ውስጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የራሱ የሆነ አንድ ዓይነት መያዣ ገላው ላይ ይዞ ይወጣል። የመያዣዎቹ ቅርጽ የሚወጣው የዘረመል ቁርጥራጮች በዘፈቀደ ሲገጣጠሙ ነው። ዘፈቀደነቱ ጥቅም አለው፤ ታይቶ የማይታወቅ ጀርም ቢመጣ እንኳ የሚገጥመው ሴል ከብዙዎቹ መካከል አይጠፋም። ዋጋም አለው፤ በዘፈቀደ ከተሠሩት ውስጥ የራስን ገላ የሚይዙ ይገኛሉ። መቅኔ አብዛኞቹን እዚያው ያስወግዳል ወይም መያዣቸውን እንዲቀይሩ ያስገድዳቸዋል። የሚያመልጡ ግን አሉ፤ ጤነኛ በምንለው ሰው ደም ውስጥም እየዞሩ ነው፣ ዝም የሚያሰኟቸው ስላሉ ዝም ብለው። እ.ኤ.አ. የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሜሪ ብራንካው፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ የተሰጠው ከእነዚህ ዝም አሰኚዎች አንዱን ወገን፣ ማለትም ሌሎች ተከላካይ ሴሎች በራስ ገላ ላይ እንዳይነሱ የሚገቱትን ሴሎች፣ ስላሳወቁን ነው።

እግሩ የቆሰለ ልጅ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ሲወጣበት ያየ ሰው ቀጣዩን ደረጃ በዓይኑ አይቷል። ቢ ሴል የሚገጥመውን ነገር ሲያገኝ እንዲህ ባለው ዕጢ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቲ ሴል ከሚባለው ባልደረባው ይሁንታ ሲያገኝ መባዛት ይጀምራል፤ በተባዛ ቁጥርም አያያዙ እየጠበቀ ይሄዳል። ዕጢው የሚያብጠው በዚህ ሁሉ ሥራ ነው። ከዘሮቹ ከፊሎቹ ጠላትን የሚያስታውሱ ሆነው ይቀራሉ። ሌሎቹ መልካቸውን ቀይረው ፕላዝማ ሴል ይሆናሉ። ፕላዝማ ሴል ሌላ ሥራ የለውም፤ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር አንቲቦዲ ሲረጭ ይኖራል። የአንቲቦዲ ዋናው አምራች እሱ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳየችው ስዊድናዊቷ ተመራማሪ አስትሪድ ፋግሬውስ ናት።

አብዛኞቹ ፕላዝማ ሴሎች በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን መቅኔ ውስጥ ቦታ ያገኙና ለዓመታት፣ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣሉ። አንድ አንቲቦዲ ደም ውስጥ ዕድሜው ሳምንታት ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። በልጅነቱ ቀበሌ ጤና ጣቢያ የኩፍኝ ክትባት የተወጋ ሰው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላም አንቲቦዲው የሚገኝበት እነዚህ ሴሎች ሥራ ስላላቆሙ ነው። ይህን እናስቀምጠው፤ መድኃኒቱ ጋ ስንደርስ ይመለሳል።

አንጎል የተከለለ አይደለም እንዴ?

ነው። የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ከሌላው ገላ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ አንቲቦዲን የመሰለ ትልቅ ፕሮቲን እንደልቡ አያሳልፍም። አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን በሚያጥበው ፈሳሽ ውስጥ ያለው የአንቲቦዲ ክምችት ደም ውስጥ ካለው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ሁለት መግቢያዎች ግን አሉ። አንደኛው፣ ግድግዳው በእብጠት ወይም በኢንፌክሽን ሲላላ ውጭ የተመረተው አንቲቦዲ ሾልኮ ይገባል። ሁለተኛው፣ አምራቾቹ ራሳቸው ይገባሉ፤ አንጎልን በሸፈነው ስስ ሽፋንና በደም ሥሮች ዙሪያ ሰፍረው እዚያው ያመርታሉ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከሚደረጉት ምርመራዎች አንዱ ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳት ነው።

ይህን ምርመራ ብዙ ሰው ይፈራዋል። «መርፌው ሽባ ያደርጋል» ተብሎ ልጁን ከአልጋ አስነስቶ የሚሄድ ቤተሰብ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ታማሚው በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ ወይም ተቀምጦ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ጀርባው በፀረ ተባይ ተጠርጎ፣ ማደንዣ ተወግቶ፣ ቀጭን መርፌ በታችኛው ወገብ ሁለት አጥንቶች መካከል ይገባል። ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ከጎድን አጥንቶቹ ብዙም ሳይርቅ ስለሆነ መርፌው አያገኘውም። ከዚያ ፈሳሹ ይንጠባጠባል፤ ጤነኛው እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ጠብ ጠብ እያለ ትንንሽ ብልቃጦች ይሞላል። በማግስቱ ቀና ሲሉ የሚነሳ ራስ ምታት የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ሐኪሙ አስቀድሞ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን የሚያዝበት፣ የደም መርጋትን የሚያይበት ጊዜ አለ፤ እነዚህ ጥንቃቄዎች የሚደረጉት መርፌው ጉዳት እንዳያስከትል ነው።

ላቦራቶሪው ፈሳሹንና የዚያኑ ሰው ደም ጎን ለጎን በጄል ላይ ያስኬዳቸዋል። ፈሳሹ ላይ ታይተው ደሙ ላይ የሌሉ ቀጫጭን መስመሮች ከወጡ፣ አንቲቦዲው እዚያው ውስጥ እየተመረተ ነው ማለት ነው፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ሴል ዘሮች ያመረቱት አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ነው። አሜሪካዊው ኤልቪን ካባት ገና በ1940ዎቹ የመልቲፕል ስክለሮሲስ (ተከላካይ ሴሎች የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን የሚጎዱበት በሽታ) ታማሚዎች ፈሳሽ በአንቲቦዲ የበለጸገ መሆኑን አሳይቶ ነበር።

ኤንኤምኦ፦ አንቲቦዲው ራሱ ጥፋተኛ የሆነበት

መግቢያው ላይ ያየነው ወረቀት የኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ ነው፤ ሐኪሞች ኤንኤምኦ ይሉታል። ፈረንሳዊው ዩጂን ዴቪክ እ.ኤ.አ. በ1894 ሲጽፍበት የዓይን ነርቭና ህብለ ሰረሰር አብረው የሚታመሙበት እንግዳ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የመልቲፕል ስክለሮሲስ ዓይነት ነው እየተባለ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በእነዚህ ታማሚዎች ደም ውስጥ የተለየ አንቲቦዲ አገኙ፤ በዓመቱ ደግሞ የሚይዘው ነገር አኳፖሪን 4 መሆኑ ታወቀ።

አኳፖሪን 4 የውሃ መተላለፊያ ነው። የሚገኘው አስትሮሳይት በሚባሉት፣ ነርቮችን በሚደግፉትና የደም ሥሮችን በእግራቸው በሚያቅፉት ሴሎች ላይ ነው። አንቲቦዲው እዚያ ሲለጠፍ ኮምፕሊመንት የሚባሉትን የደም ፕሮቲኖች ይጠራል፤ እነሱ ተሰብስበው የሴሉን ሽፋን ይበሱታል። አስትሮሳይቱ ይሞታል፤ ደጋፊ ያጣው ነርቭና ሽፋኑም ተከትለው ይጎዳሉ።

በሽታው የሚገለጸው በጥቃት ነው። አንድ ወይም ሁለቱ ዓይኖች ከሕመም ጋር በቀናት ውስጥ ይጨልማሉ። ወይም እግር ይዝላል፣ ሽንት ይታገዳል፣ ከደረት ወይም ከእምብርት በታች ይደነዝዛል፤ በኤምአርአይ ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ የጀርባ አጥንቶችን ርዝመት የሚሸፍን ቁስል ይታያል። ሦስተኛው ገጽታ የሚያሳስት ነው፤ ለቀናትና ለሳምንታት የማያቋርጥ ስቅታ፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ። የአንጎል ግንድ ላይ ያለው የማስመለስ ማዕከል አኳፖሪን 4 የበዛበት ስለሆነ ነው። እኛ አገር ሆድ ነክ ነገር ሁሉ «ጨጓራ» ነውና እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑ እስኪጨልም የጨጓራ መድኃኒት ሲውጥ ቢቆይ አይገርምም።

አንቲቦዲው ካለባቸው መካከል ሴቶች ከወንዶች በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ፤ የአፍሪካና የእስያ ዝርያ ባላቸው ሰዎችም ከነጮች ይልቅ ይበዛል። ስለዚህ «የፈረንጅ በሽታ» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ምርመራው የሚደረገው ከደም ነው፤ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ሊላክ ስለሚችል ውጤቱ ይዘገያል፤ ሕክምናው ግን እስኪመጣ አይጠበቅም። እዚህ በሽታ ላይ የአካል ጉዳት የሚከማቸው በዋናነት በየጥቃቱ ነው፤ አንዱን ጥቃት ማስቀረት ማለት አንድ ዓይን ወይም ሁለት እግር ማትረፍ ሊሆን ይችላል።

አንቲቦዲው ራሱ ጥፋተኛ መሆኑን በግልጽ ካሳዩት ማስረጃዎች አንዱ የመጣው ከመድኃኒት ሙከራ ነው። ኤኩሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት አንቲቦዲውንም ሆነ አምራቹን ሴል አይነካም፤ የሚያግደው አንቲቦዲው የሚጠራውን ኮምፕሊመንት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው የ143 ታማሚዎች ጥናት ማስመሰያ ከተሰጣቸው 47ቱ 20ዎቹ ሲያገረሽባቸው፣ መድኃኒቱን ካገኙት 96ቱ ያገረሸባቸው 3 ብቻ ነበሩ። በዚህ ሙያ እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ አይታይም። (በነገራችን ላይ ኮምፕሊመንት ከማጅራት ገትር ባክቴሪያ የሚጠብቀንም እሱ ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መከተብ አለበት።)

ከኤንኤምኦ ጋር የሚምታታ ሞጋድ የሚባል ሌላ በሽታ አለ፤ እዚያ አንቲቦዲው የሚይዘው የነርቭ ሽፋን ላይ ያለውን ሞግ የተባለ ፕሮቲን ነው። ሕፃናትን ብዙ ጊዜ ያጠቃል፤ ስቴሮይድ ለሚባለው እብጠት አብራጅ መድኃኒት በጎ ምላሽ ይሰጣል፤ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ጥቃቱ አንዴ መጥቶ ዳግም አይመለስባቸውም።

ታዲያ መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤምኤስ) በምን ይለያል?

እዚህ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። የኤምኤስ ታማሚ የጀርባ ፈሳሽ ውስጥ እነዚያ መስመሮች ይታያሉ፤ በአውሮፓ በተደረጉ ጥናቶች ከአሥር ታማሚዎች ከዘጠኙ በላይ አላቸው። ፕላዝማ ሴሎች አንጎላቸው ሽፋን ውስጥ ቤት ሠርተው እያመረቱ ነው ማለት ነው። ነገር ግን እንደ ኤንኤምኦ «ይህን ፕሮቲን ነው የሚይዙት» ተብሎ የተስማሙበት ዒላማ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሪቱክሲማብ የተባለው ቢ ሴልን የሚያጠፋ መድኃኒት 104 የኤምኤስ ታማሚዎች በተሳተፉበት ጥናት ተሞከረ። በኤምአርአይ ላይ የሚታዩት አዳዲስ የሚያበሩ ቁስሎች 91 በመቶ ቀነሱ፤ ውጤቱም የታየው በሳምንታት ውስጥ ነበር። ፈሳሹ ውስጥ ያሉት የአንቲቦዲ መስመሮች ግን ከሞላ ጎደል እንደነበሩ ናቸው። አንቲቦዲው ሳይቀንስ ታማሚው ከተሻለው፣ ጥፋተኛው አንቲቦዲው ብቻ አልነበረም። ቢ ሴል ሌላ ሥራ አለው፦ የያዘውን ቆራርጦ ለቲ ሴል ያሳያል፣ የሚያስቆጡ ኬሚካሎችን ይለቃል፣ ሌሎችን ያነሳሳል። በኤምኤስ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ቅስቀሳው እንደሆነ ይታሰባል።

ሌላ ሙከራ ደግሞ ሁሉንም አስደነገጠ። አታሲሴፕት የተባለው መድኃኒት ለፕላዝማ ሴሎችና ለቢ ሴሎች ዕድሜ የሚሰጡ ምልክቶችን ያግዳል፤ የአንቲቦዲን መጠንም ይቀንሳል። በሒሳብ ካየነው ኤምኤስን ማሻል ነበረበት። ታማሚዎቹ ላይ ማገርሸት በዛ፤ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2009 ተቋረጠ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ሊሆን የሚችል ፍንጭ ወጣ፤ አንጀት ውስጥ የሚወለዱ የተወሰኑ ፕላዝማ ሴሎች ወደ አንጎል ተጉዘው ኢንተርሉኪን 10 የሚባል የሚያበርድ ኬሚካል እንደሚለቁ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ አሳዩ። ስለዚህ አንቲቦዲ አምራች ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም፤ አስታራቂ የሆኑም አሉ፤ በጅምላ ማጥፋት እነሱንም ያጠፋል።

ኤምኤስን ምን ያስነሳዋል ለሚለው ጠንካራ ፍንጭ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ ያየ ጥናት፣ ኤፕስታይን ባር በሚባለው ቫይረስ ከተያዙ በኋላ በኤምኤስ የመያዝ ዕድል በ32 እጥፍ እንደሚጨምር አገኘ። ይህ ቫይረስ መኖሪያው ቢ ሴል መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያጓጓል። ሆኖም ቫይረሱ አብዛኛውን የዓለም ሕዝብ የያዘ ነው፤ ኤምኤስ የሚይዘው ጥቂቱን። ቫይረሱ በር ይከፍታል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

«አብዳለች» የተባለችውስ?

አንቲቦዲ ሰውን ሳይገድል፣ ሴልንም ሳይገድል፣ ባሕርይን ሊቀይር እንደሚችል የታወቀው በቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ ኤንኤምዲኤ የተባለውን የአንጎል ተቀባይ የሚያጠቃ አንቲቦዲ በ12 ሴቶች ላይ ገለጹ። ተቀባዩ ነርቭ ለነርቭ የሚነጋገርበት፣ ትውስታ የሚሠራበት ነው። አንቲቦዲው ሲይዘው ሴሉ ተቀባዩን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ መልእክት ተቀባይ ይጠፋል። ሴሉ ግን በሕይወት አለ።

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ወጣት ሴቶችን ነው። ራስ ምታትና ትኩሳት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ እንቅልፍ ማጣት፣ መጠራጠር፣ የሌለ ማየትና መስማት፣ መቆጣት ይከተላል። በሳምንታት ውስጥ የሚጥል በሽታ፣ የአፍና የፊት ያለፈቃድ መንቀሳቀስ፣ ንግግር ማቆም ይደርሳል። ቤተሰብ መጀመሪያ ጠበል ቢወስድ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል ቢሄድ የሚጠበቅ ነው። ጠበሉ ይቀጥል፤ ግን ከዚህ በፊት የአእምሮ ሕመም የማያውቃት ወጣት በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እንዲህ ከተለወጠች፣ በላዩም የሚጥል በሽታ ወይም እንግዳ እንቅስቃሴ ከታከለ፣ የነርቭ ሐኪም ማየት አለባት። በሴቶች ላይ እንቁላል ማፍሪያ ውስጥ ቴራቶማ የሚባል እጢ መኖሩም ይፈተሻል። እጢው ውስጥ የነርቭ ሕብረ ሕዋስ ሊገኝ ይችላል፤ ተከላካይ ሴሎቹ እሱን ሲያዩ ይነሳሉ፤ ያመረቱት አንቲቦዲ ደግሞ አንጎልን ይይዛል። እጢው ሲወጣ ማገዶው ይቀንሳል።

ይህ በሽታ ከባድ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ ከታከሙት ከአሥር ወደ ስምንት የሚሆኑት በሁለት ዓመት ውስጥ ጥሩ መሻሻል አሳይተዋል። ሴሉ አልሞተምና አንቲቦዲው ሲጠፋ ተቀባዩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

መድኃኒቱ ምኑን ነው የሚመታው?

ጥቃት ሲነሳ የሚሰጠው ስቴሮይድ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀን አንድ ግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን በደም ሥር፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን። እብጠቱን ያበርዳል፣ የአንጎልን ግድግዳ ያጠብቃል። ካልበቃ ፕላዝማ መለዋወጥ አለ፤ ደሙ እንደ ኩላሊት እጥበት በማሽን አልፎ፣ አንቲቦዲው ያለበት ፈሳሽ ተወግዶ በምትኩ አልቡሚን የተባለ የደም ፕሮቲን ይገባል፤ ይህ በየአንድ ቀን ልዩነት ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ይደረጋል። አንቲቦዲውን ይቀንሳል፤ ፋብሪካውን ግን አይነካም። በሳምንታት ውስጥ አንቲቦዲው ይመለሳል።

ፋብሪካውን የሚነኩት እንደ ሪቱክሲማብ ያሉት ናቸው። የከተማው መንገድ ላይ ያሉትን ተከላካይ ሴሎች ሁሉ እንደ መኪና እንያቸው፤ ገላቸው ላይ ታርጋ አለ። ሪቱክሲማብ ኮድ 1 ብቻ እንዲያስቆም የታዘዘ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ኮዱ ሲዲ 20 ይባላል። ቢ ሴል ይህን ታርጋ ይይዛል፤ ስለዚህ ከመንገድ ይነሳል። ፕላዝማ ሴል ሲሆን ግን ታርጋውን ይፈታል። ትራፊኩ አጠገቡ ቆሞ አያየውም። መቅኔ ውስጥ የተቀመጠው ባለ ረጅም ዕድሜው ፕላዝማ ሴል በሪቱክሲማብ የማይጠፋው ለዚህ ነው፤ ደግነቱ የክትባት አንቲቦዲዎቻችንም በአብዛኛው የሚተርፉት በዚሁ ምክንያት ነው። ገና ታርጋ ያላወጡት ለጋ ሴሎችም ስለሚቀሩ ቢ ሴል ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ መድኃኒቱ በየስድስት ወሩ ገደማ የሚደገመውም ለዚህ ነው።

ሆኖም ሪቱክሲማብ ለኤንኤምኦም ይሠራል። አንዱ ምክንያት አንቲቦዲውን ከሚያመርቱት ብዙዎቹ አዲስ የተወለዱ፣ ዕድሜያቸው አጭር የሆነ ሴሎች ስለሆኑ ነው፤ የቢ ሴል ምንጩ ሲደርቅ እነሱም አይተኩም። ግን የአንቲቦዲው መጠን ብዙም ሳይወርድ ጥቃቱ የሚቆምላቸው ሰዎችም አሉ፤ የቢ ሴል ቅስቀሳ እዚህም ድርሻ አለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢነቢሊዙማብ ሲዲ 19 የሚባለውን ሌላ ታርጋ ያያል፤ ይህ ወደ ፕላዝማ ሴልነት በመሸጋገር ላይ ባሉትም ላይ ስለሚቆይ ጥቂት ርቆ ይሄዳል። ሳትራሊዙማብ ደግሞ ለእነዚያው አምራቾች ዕድሜ የሚሰጠውን ኢንተርሉኪን 6 መልእክት ያግዳል። ባለ ረጅም ዕድሜዎቹን መቅኔ ድረስ ገብተው የሚፈልጉ፣ የታማሚውን ቲ ሴል አውጥተው አሠልጥነው የሚመልሱ ሕክምናዎች በሙከራ ላይ ናቸው።

ስም መለየት ሕይወት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ለኤምኤስ ለዓመታት ሲታዘዙ የኖሩት ኢንተርፌሮን ቤታ፣ ናታሊዙማብና ፊንጎሊሞድ ኤንኤምኦን ያባብሳሉ። ኤምአርአዩ ይመሳሰላል ተብሎ «ኤምኤስ ነው» ከተባለ የኤንኤምኦ ታማሚ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ዓይንና ህብለ ሰረሰር ላይ ጥቃት የደረሰበት ሰው የአኳፖሪን 4 እና የሞግ ምርመራ ይታዘዝልኝ እንደሆነ ሐኪሙን ቢጠይቅ ድፍረት አይሆንበትም።

አዲስ አበባ ያለ ታማሚ ምን ይገጥመዋል?

በጋዜጣ የሚነበቡት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ዋጋቸው ከአብዛኛው ሰው አቅም በላይ ነው። ስለዚህ በተግባር የሚታዘዙት ፕሬድኒሶሎን (የሚዋጥ ስቴሮይድ)፣ የተከላካይ ሴሎችን መባዛት የሚገቱት አዛታዮፕሪንና ማይኮፌኖሌት፣ ሲገኝም ሪቱክሲማብ ናቸው። ማዘዣ ይዞ ከከነማ ፋርማሲ ወደ ቀይ መስቀል፣ ከዚያ ወደ ግል ፋርማሲ መዞር የማያውቅ አስታማሚ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሪቱክሲማብን ለኤምኤስ ጭምር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፤ አገሮች ግዢያቸውን ሲያቅዱ የሚያዩት ይህን ነው።

አዛታዮፕሪን በደንብ ለመሥራት ወራት ይፈጅበታል። እስከዚያ ፕሬድኒሶሎኑ ከጎኑ ይቆያል። «ተሻለኝ» ብሎ ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቆም ለማገርሸት ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው፤ የገላን የራሱን ስቴሮይድ የሚያመርተው አድሬናል ዕጢም ሥራ ስለፈታ አደጋው ድርብ ነው። ከሪቱክሲማብ በፊት ሄፓታይተስ ቢ መመርመር ግዴታ ነው፤ በኛ አገር የተለመደ ቫይረስ ነው፣ ቢ ሴል ሲጠፋ ከተኛበት ተነስቶ ጉበትን ሊያፈርስ ይችላል። ቲቢም አብሮ ይመረመራል። ክትባት ካለ ከመድኃኒቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ቢ ሴል በሌለበት ክትባት አንቲቦዲ የሚያመርትለት አያገኝም።

መውለድ ይቻላል? ልጁስ?

ይቻላል፤ ግን ከሐኪም ጋር ታቅዶ፣ በሽታው ረግቶ ባለበት ጊዜ። ማይኮፌኖሌት ጽንስን ስለሚጎዳ አስቀድሞ መቀየር አለበት። በኤንኤምኦ ከወሊድ በኋላ ያሉት ወራት ጥቃት የሚበዛባቸው ናቸው፤ አራስ ጥየቃ የሚመጣው ሁሉ «ወገቧ ነው፣ ብርድ መትቷት ነው» ቢልም፣ አዲስ ድካም፣ መደንዘዝ ወይም የዓይን መጨለም ከመጣ በዚያው ሳምንት መታየት ያስፈልጋል።

ሕመሙ በቀጥታ አይወረስም፤ በዘር ያለው ተጋላጭነት ትንሽ ነው። አንቲቦዲው ግን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ የእናት የኩፍኝ አንቲቦዲ የሚያልፍበት መንገድ ነው። አራሱ ሕፃን ቢመረመር ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በወራት ውስጥ ይጠፋል፤ ከእናቱ የተቀበለው አንቲቦዲውን እንጂ አምራቹን ሴል አይደለምና።